ፍላሜንጎ ጥር ላይ ለምን ልጆቹን ያሰልፋል? የብራዚል የግዛት ሊግ ነገር

ዓለምገና ጥግ

ሰላም ቤተሰብ! የብራዚል ኳስ የምትከታተሉ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

በ2025ቱ የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍላሜንጎ ቼልሲን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ የሰፈራችን የቼልሲ ደጋፊዎች ስልክ ማንሳት አቁመው ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍላሜንጎን ያዝኩት። በኋላ ወደ ኋላ ሄጄ የዓመቱን ውጤት ስቃኝ ግን ጥር ላይ ቦአቪስታ በሚባል ሰምቼው በማላውቀው ክለብ ተሸንፈዋል። አሰላለፉን ከፍቼ አየሁ። አንድም የማውቀው ስም የለም፤ ያስገቡት ተስፋ ቡድኑን ነው። ይባስ ብሎ ውድድሩ የሪዮ ግዛት ሻምፒዮና ሆኖ ሳለ ጨዋታው የተደረገው አራካጁ ነው። ካርታ ላይ ፈለግኳት፤ ከሪዮ በአውሮፕላን የሚኬድባት ሰሜን ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እንዲህ የሚንቁት ከሆነ ለምን ይጫወታሉ? ከናቁትስ ለምን አይወጡም? አንዱ ጓደኛዬ «ትንንሾቹን ለመደጎም ነው» አለኝ፣ ሌላው «የፌዴሬሽን ሰዎች መብያ ነው» አለ። ማንን ልመን?

ሳምባ ሰበታ

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሠኝ (የብራዚሉን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ብራዚል ስፋቷ አይጣል ነው። ድሮ አንድ ክለብ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ እየዞረ የሚጫወትበት መንገድም ገንዘብም አልነበረም። ስለዚህ ኳሱ በየግዛቱ አደገ። የሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮና በ1902 ተጀመረ፣ የሪዮው በ1906። አገር አቀፍ የክለቦች ውድድር የመጣው በ1959 ነው፣ ዛሬ የምናውቀው ብሔራዊ ሊግ፣ ብራዚሌይራኦ፣ ደግሞ በ1971። እስከዚያ ድረስ የደጋፊው ፍቅርም ጠብም የግዛት ዋንጫ ላይ ነበር። አያት ለልጅ ልጁ የሚያወራው ፍላሜንጎ ፍሉሚኔንሴን እንዴት እንዳሸነፈ እንጂ ከሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚመጣ ክለብ አልነበረም።

ከዚያ ብሩ መጣ። የ2025 የሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በለው) አሸናፊ ለፍጻሜው ጨዋታ ብቻ 24 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተመደበለት፤ እሱንም ፍላሜንጎ ወሰደው። ያ ያየኸው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ደግሞ ለደቡብ አሜሪካ ክለቦች ገና ሲሳተፉ 15.21 ሚሊዮን ዶላር ይሰጥ ነበር። ፍሉሚኔንሴ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዞ ተመለሰ። አሁን እነዚህ ክለቦች ጥር ላይ፣ ተጫዋቾቹ ከእረፍት በተመለሱ በሳምንቱ፣ እዚያ ደግሞ ጥር የበጋው ሙቀት አናት የሚበሳበት ወቅት ነው፣ ከአንድ ትንሽ ክለብ ጋር ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተጫወቱ ሲባሉ ምን ይሉ ይመስልሃል? በዓመት 70 ጨዋታ የሚያልፍ ቡድን ነው። አንዱ ኮከባቸው ጉልበቱን ቢጎዳ ኪሳራውን የግዛቱ ፌዴሬሽን አይከፍልላቸውም።

እነሱን በጣም የሚያበሳጫቸው ነገር ግን ሌላ ነው። ፌዴሬሽኑ ድርሻውን የሚቆርጠው ከጠቅላላው የቲኬት ገቢ ነው፤ ወጪ ተቀንሶ ከሚተርፈው አይደለም። ሜዳ ከፍተህ፣ ለጥበቃው፣ ለመብራቱ፣ ለአምቡላንሱ፣ ለዳኛው ከፍለህ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ከኪስህ ጨምረህ ልትወጣ ትችላለህ። ፌዴሬሽኑ ግን ድርሻውን ይዞ ሄዷል። አንድ ጨዋታ ለባለቤቱ ኪሳራ፣ ለአዘጋጁ ትርፍ የሚሆንበት አሠራር ነው።

አራካጁን በተመለከተ፣ የዚያን ቀን ባለሜዳው ቦአቪስታ ነበር። ፍላሜንጎ በመላው ብራዚል ደጋፊ አለው፤ የአራካጁ ሕዝብ ግን በየዓመቱ አያገኘውም። ስለዚህ ትንሹ ክለብ ከፍላሜንጎ ጋር ያለውን የሜዳውን ጨዋታ ለሌላ ከተማ አዘጋጅ ይሸጠዋል። ሰዉ ቲኬት ይገዛል፣ ትንሹ ክለብ የደሞዝ ብር ያገኛል። ፍላሜንጎ ደግሞ ልጆቹን ልኮ ዋናውን ቡድን ዝግጅት ላይ ያቆያል። የተጭበረበረው ያ ፍላሜንጎን አያለሁ ብሎ ከፍሎ የገባው የአራካጁ ሰው ነው። (የዚያን ዓመት የግዛቱን ዋንጫ በመጨረሻ ማን እንደወሰደ ታውቃለህ? ራሱ ፍላሜንጎ።)

ይህን ነገር በፍላሜንጎ ብቻ አትየው። አትሌቲኮ ፓራናኤንሴ ለዓመታት የፓራና ሻምፒዮናን በወጣት ቡድን ነበር የሚጫወተው። በ2018 እና በ2019 በዚያው ቡድን ዋንጫውን በላው። ለቀሩት የግዛቱ ክለቦች ምን ያህል ውርደት እንደሆነ አስበው።

ፈጣን መልስ

እና ይውጡ! ማን ያዛቸው። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም።

ፉሪ ሒሳብ ሹም

@ፈጣን መልስ አቦ መውጣቱ በቀላሉ ቢሆንማ ድሮ ወጥተው ነበር። ቁልፉ ድምፁ ላይ ነው። ቁጥር ስለምወድ ቁጥሩን ልንገርህ።

የብራዚል እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንቱን ሲመርጥ 27ቱ የግዛት ፌዴሬሽኖች እያንዳንዳቸው ድምፃቸው በ3 ይባዛል። የአንደኛው ዲቪዚዮን 20 ክለቦች በ2፣ የሁለተኛው 20 ክለቦች በ1። ደምረው። ፌዴሬሽኖቹ 81፣ ክለቦቹ ሁሉም ተስማምተው አንድ ላይ ቢቆሙ እንኳ 60። ይህን ቀመር ያጸደቁት በ2017 ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ ድሩ ሁሉ ቢያብርም 21 ይጎድለዋል።

ሮናልዶን አስታውሱት፣ ዋናውን፣ ባለ ሁለት ዓለም ዋንጫውን። ለፕሬዝዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። ለመወዳደር ራሱ የፌዴሬሽኖችና የክለቦች ድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2025 ግን ከ27ቱ 23ቱ ፌዴሬሽኖች ሊያነጋግሩት እንኳ ፈቃደኛ አልሆኑም ብሎ ተወው። በዓለም ላይ በሩን የማይከፍትለት አገር የሌለ ሰው፣ በገዛ አገሩ የሚሰማው ቢሮ አጣ። ግንቦት ላይ ወንበሩን የያዙት ሳሚር ሻውድ የመጡት ከሮራይማ ነው። አማዞን ውስጥ ያለች፣ አንድም ክለብ በአንደኛው ዲቪዚዮን የሌላት ግዛት ናት። ሰውዬው መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸው ናቸው የግዛት ሊጎቹን ያሳጠሩት። ከ2026 ጀምሮ ከ16 የጨዋታ ቀን ወደ 11 ወርዷል፣ ብራዚሌይራኦም ጥር መጨረሻ ላይ መጀመር ጀምሯል። እኔ የምለው ሥልጣኑ ከየት እንደሚወጣ ነው።

ስለዚህ ክለቡ ቢወጣ ማን ይቀጣዋል ብለህ ስትጠይቅ፣ የሚቀጣው ያው ድምፁን የያዘው ነው። በዚያ ላይ ለአገሪቱ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ለኮፓ ዶ ብራዚል፣ እና ለአራተኛው ዲቪዚዮን ብዙው ቦታ የሚታደለው በግዛት ውድድር ውጤት ነው።

ሳምባ ሰበታ

ፉሪ ጥሩ አስቀመጥከው። የቴሌቪዥኑን ጠብ ልጨምር፤ ምክንያቱም ዱላ ቀረሽ የሆነው እዚያ ላይ ነው።

በየካቲት 2017 አትሌቲኮ ፓራናኤንሴና ኮሪቲባ፣ የአንድ ከተማ ባላንጣዎች፣ የቀረበላቸው የቴሌቪዥን ክፍያ አንሶብናል ብለው አንሸጥም አሉ። ጨዋታውን በራሳችን ዩቲዩብና ፌስቡክ እናሳያለን አሉ። ተጫዋቹ ሜዳ ገብቷል፣ ደጋፊው ሞልቷል፣ ዳኛው ግን አያስጀምርም። ፌዴሬሽኑ የቀረጻ ባለሙያዎቹ ፈቃድ የላቸውም ብሎ ከለከለ። ክለቦቹም ካሜራውን አናወጣም አሉ። ሁለቱ ቡድኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለደጋፊው ሰላምታ ሰጥተው ሳይጫወቱ ወጡ! በኋላ መጋቢት 1 ቀን ተጫወቱት፣ በዩቲዩብም ታየ።

በ2020 ደግሞ ፍላሜንጎ ከግሎቦ ቴሌቪዥን ጋር አልስማማም አለ። ሌሎቹ የሪዮ ክለቦች ፈርመዋል፣ እሱ ብቻ ቀረ። በጊዜው ሕጉ አንድ ጨዋታ እንዲታይ ሁለቱም ክለቦች መስማማት አለባቸው ይል ነበር። ሰኔ ላይ ፕሬዝዳንት ቦልሶናሮ መብቱ የባለሜዳው ነው የሚል ጊዜያዊ አዋጅ አወጣ። ፍላሜንጎ ወዲያው ከቦአቪስታ ጋር ያለውን ጨዋታ (አዎ፣ ያው ቦአቪስታ) በራሱ ቻናል አሳየ። ግሎቦም «እንግዲህ ውሉ ፈርሷል» ብሎ የሪዮን ሻምፒዮና ጥሎ ወጣ። አስቡት፤ ፍላሜንጎ ነፃነቱን አገኘ፣ በዚያ ውል ላይ ደሞዝ ሊከፍሉ ያሰቡት ትንንሾቹ ክለቦች ግን ምን በሉ? በ2021 የባለሜዳው መብት ቋሚ ሕግ ሆኗል።

ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ጩኸቱ ለምን ዝቅ አለ ብትሉኝ፣ እዚያ የግዛት ሊጉ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ይከፍላል። የተከፈለው ሰው ስለ ወግና ታሪክ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል።

ኮች ቡራዩ

ልጆች፣ ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እስቲ ከታች ልንገራችሁ።

እኔ ቡራዩ ውስጥ ታዳጊ አሠለጥናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ኖራ የምንነሰንሰው እኛው ነን፤ ኖራው ካነሰ የፍጹም ቅጣት ምቱን ክልል ብቻ እናሰምራለን። ለዳኞች አበል ይዋጣል። ከሜዳችን ውጪ ስንጫወት የኮስተር ኪራይ አለ፤ ሹፌሩ ቀብድ ካልያዘ አይነሣም። ወላጅ ያዋጣል፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ባለሱቅ ውሃና ሙዝ ይሰጠናል። ትልቅ ቡድን መጥቶ አንድ ጊዜ ቢጫወትልን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ በዚያ ቀን በሚሰበሰበው የዓመቱን ማሊያና ኳስ እንገዛለን። የብራዚሎቹን ትንንሽ ክለቦች የምረዳቸው በዚህ ነው። ለፍላሜንጎ የባከነ ረቡዕ ነው፣ ለነሱ የዓመት በጀት ነው።

እዚያ የግዛት ሊጉ ሲያልቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክለቦች የሚጫወቱት የላቸውም። የተጫዋቹ ውል ለሦስት ለአራት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ግብ ጠባቂው ግንበኛ ይሆናል፣ አጥቂው ዕቃ ያመላልሳል። ሥራቸው ያ ውድድር ነው። ከ16 ወደ 11 ሲወርድ ኮከቦቹ አረፉ፣ ጥሩ። የእነዚህ እንጀራስ?

ሚራሶል የምትባለውን ክለብ አይታችኋል? ከተማዋ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ናት፣ 60 ሺህ ገደማ ሰው፣ የሰበታን ያህል እንኳ አትሆን። በ2020 በወረርሽኙ የግዛቱ ሊግ ሲቋረጥ ውል ያለቀባቸው 18 ተጫዋቾች ሄዱባት። በተረፉት ልጆችና በተገኘው ሰው ተመልሳ መጥታ ትልቁን ክለብ ሳኦ ፓውሎን በገዛ ሜዳው 3 ለ 2 ከሩብ ፍጻሜ አወጣችው። በዚያው ዓመት የአራተኛው ዲቪዚዮን ዋንጫ፣ በ2022 የሦስተኛው፣ በ2024 ወደ አንደኛው ወጣች። በ2025 በመጀመሪያ ዓመቷ አራተኛ ሆና ጨርሳ ለሊበርታዶሬስ አለፈች! መሰላሉ የግዛት ሊጉ ነው። ቀድሞ ያሳደገችው ልጅ፣ ሉዊዝ አራውዡ፣ በ2017 ከሳኦ ፓውሎ ወደ ፈረንሳዩ ሊል ሲሸጥ የደረሳትን ድርሻ ለፊርማና ለደሞዝ አልበተነችም፤ የልምምድ ማዕከል ሠራችበት።

ሮናልዶ ላይ ደግሞ ልጨምር። ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሳኦ ክሪስቶቫኦ ውስጥ ነው። ያቺ ክለብ በ1926 የሪዮ ሻምፒዮን ነበረች፣ ዛሬ ማን ያውቃታል። ሪቫልዶም ከሞጂ ሚሪም ነው የታየው። ትልልቆቹ ልጁን ከታች በርካሽ ይወስዳሉ፣ በሚሊዮን ዩሮ ይሸጣሉ፣ ከዚያ «የትንንሾቹ ውድድር ጊዜያችንን አባከነ» ይላሉ። ትንሽ ይሉኝታ ጥሩ ነው።

ፈጣን መልስ

ኮች አከብርዎታለሁ፣ ግን አንዱ ክለብ ሌላውን የመቀለብ ግዴታ የለበትም። ፌዴሬሽኑ ከብሔራዊ ቡድኑ ያን ሁሉ የስፖንሰር ብር ይሰበስብ የለ? ከዚያ ይስጣቸው። ፍላሜንጎን እየጎተቱ መደጎም ድጎማ አይባልም።

ኮች ቡራዩ

እሱስ ልክ ነህ ልጄ። ይስጣቸው። እስካሁን ግን የሰጠው ባብዛኛው ለፌዴሬሽኖቹ ነው፣ ለክለቦቹ አይደለም። ለዛ እኮ ነው 81 ድምፅ የማይነቃነቀው።

ለገጣፎ 4 ቁጥር

ይህን ውይይት ሳነብ ወደ እኛው መጣሁ። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው።

ብራዚል ውስጥ ትልቁ ሀብታም ነው፣ ትንሹ ደሃ። እኛ ጋ ፕሪምየር ሊጉም ታችኛውም ብዙው በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት ነው የሚንቀሳቀሰው። ከንቲባው ኳስ ከወደደ ቡድኑ ይወጣል፣ በጀቱ ካጠረ ይወርዳል። የከተማችን ጎረቤቶች ያዩትን እናውቃለን፤ ሰበታ ከተማ በ2011 አድጎ በ2014 ወረደ፣ የኛው ለገጣፎ ለገዳዲ ደግሞ በ2015 አንድ ዓመት ተጫውቶ ተመለሰ። (ይኼ በኛ አቆጣጠር ነው።)

የቴሌቪዥኑም ነገር እንዲሁ። በ2013 ዲኤስቲቪ ሲገባ ሁላችንም ጨፍረናል፣ ልጆቻችን በጥራት ታዩ። ግን ለቀረጻ እንዲመች ተብሎ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ጀመረ። ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ። ለገጣፎ ፕሪምየር ሊግ ገባ ተብሎ የለገጣፎ ሰው ቡድኑን ለማየት ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ገብቶ ቡና ማዘዝ ነበረበት። የሜዳ ገቢ የሚባል ነገር ጠፋ። ደጋፊ ከሌለህ ማሊያ አትሸጥም፣ ስፖንሰርም አይመጣም፣ እንደገና ወደ ከንቲባው ቢሮ ትመለሳለህ።

እኔ ራሴ በታችኛው ሊግ ስጫወት፣ የክለቡን ስም ልተወው፣ ለወራት ደሞዝ ሳይከፈለን ካምፕ ውስጥ ሽሮ እየበላን ቆይተናል። በ2011 ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲል ጓደኞቼ ሳቁ። እኛ ጣሪያው አይደለም የቸገረን፣ ወለሉ ነው።

ኮች የሚሉት የአንድ ቀን ጨዋታ ነገር ግን ገብቶኛል። የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ ከሊጉ በፊት ሲካሄድ ትልልቆቹ ተቀያሪ ቢያሰልፉም ሰው ይገባ ነበር፤ የቲኬቱንም ገቢ ክለቦቹ ይካፈሉት ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ወደ ዳር ከተሞቹ ቢወጣ፣ አንዱ ጨዋታ ሰበታ፣ አንዱ ሱሉልታ ቢደረግ፣ የሚያስከፍለው የአውቶቡስ ነዳጅ ነው።

ፉሪ ሒሳብ ሹም

@ለገጣፎ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የቲኬቱ ድርሻ ከጠቅላላ ገቢው ነው ወይስ ከወጪ ቀሪ የሚለው ቀድሞ ካልተጻፈ ከሪዮ የተለየ አይሆንም። መጀመሪያ እሱ ይፈረም።

ዓለምገና ጥግ

እናመሰግናለን፣ ብዙ ተማርኩ። ኮች፣ የኖራው ነገር ሆዴን በላው፤ አንድ ከረጢት ኖራ ከዓለምገና እልክልዎታለሁ፣ በውስጥ መስመር ስልክዎን ይተዉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። 60 ከ81 አይበልጥም፣ ገባኝ። ግን ክለቦቹ ምርጫውን ትተው እንደ እንግሊዞቹ የራሳቸውን ሊግ ቢያቋቁሙስ? እኛ እንኳ የክለቦች አክሲዮን ማኅበር አለን!

ሳምባ ሰበታ

ሞክረዋል። ሁለት ማኅበር መሠረቱ፣ አንዱ ሊብራ፣ ሌላው ሊጋ ፎርቺ ተባለ። አንድ ሊግ ለማቋቋም ተነሥተው ብሩን እንዴት እንካፈል ላይ ሲደርሱ ለሁለት ተከፈሉ። ፍላሜንጎ ደግሞ የራሱን ማኅበር ሊብራን በ2025 ስለ ቴሌቪዥን ክፍፍሉ ፍርድ ቤት ገተረው።

ከዚያም በፊት በ1987 ኮንፌዴሬሽኑ ብር የለኝም ሲል 13 ትልልቅ ክለቦች ተሰብስበው የራሳቸውን ውድድር አካሂደዋል። የተመልካችም የስፖንሰርም ችግር አልነበረበትም፣ ፍላሜንጎም አሸነፈ። ኮንፌዴሬሽኑ ግን እሱ ባዘጋጀው ሌላ ምድብ ካለፉት ጋር ተጫወቱና ይለይ አለ። ፍላሜንጎ አልጫወትም አለ። ዋንጫው ለሬሲፊ ከተማው ክለብ፣ ለስፖርት ሬሲፊ፣ ተሰጠ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1987 ሻምፒዮን ስፖርት ብቻ ነው ብሎ የወሰነው በ2017 ነው። የፍላሜንጎ ደጋፊ ግን እስከ ዛሬ ያችን ዋንጫ ጨምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ሬሲፊ ሄደህ ግን እንዳትቆጥር።